ዶሮዎች ውሃ የሚጠጡባት የብረት ቆብ

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ወታደር ነበርክ ወይ ብሎ ነው። አልነበርኩም። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ እንኳን ጠመንጃ፣ ለበዓል ዶሮ እንኳ ጎረቤት ለምኜ የማሳርድ ሰው ነኝ። ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ጳውሎስ አካባቢ፣ ከመድኃኒት ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሐኪሞች የሚልኩልኝን የድድ ልክ ይዤ ከጄሶና ከሰም ጋር ስታገል እውላለሁ። ማታ ጉለሌ ቤቴ ስገባ ደግሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተደረደሩት የብረት ቆቦች ይቀበሉኛል። ባለቤቴ «ጭንቅላቶቹ» ትላቸዋለች። እንግዳ ሊመጣ ሲል «ጭንቅላቶቹን ወደ ጓዳ አስገባልኝ» ትለኛለች። እኔ አላስገባም፤ እሷም እንደማላስገባ ታውቃለች፤ ግን ሳትናገር አታልፍም።

ነገሩ የጀመረው በቧንቧ ነው። የግቢያችን ቧንቧ ተበላሽቶ መገጣጠሚያ ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩና አንዱ ነጋዴ ሚስማር የሚያስቀምጥበትን ዕቃ አየሁ። ድስት መስሎኝ ነበር። ሚስማሩን ገልብጦ ሲያሳየኝ ውስጡ የተበጣጠሰ ቆዳ አለ፤ ቆዳው ላይ የሰው ራስ ላብ የተወው ጥቁር ክብ አለ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው አፍ ልክ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ክብ ሳይ «ይህስ የማን ልክ ነበር?» የሚል ጥያቄ ያዘኝና ቧንቧውን ረስቼ ቆቡን ይዤ ተመለስኩ። ባለቤቴ ባልዲ ይዛ በር ላይ ነበር የጠበቀችኝ።

«ውሃው በዚህ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆነብኝ። ያለ አስተማሪ፣ በመጠየቅና በመነካካት ተማርኩ። አፉ ሰፊ፣ ዝርግ ሳህን የሚመስለው የእንግሊዝ ነው። አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጉብታ ያለው፣ ከብዙ ቁራጭ የተገጣጠመው፣ የድሮው የፈረንሳይ ዓይነት ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት ቆብ ካገኘህ የአሜሪካ ነው። ዙሪያውን ሪቬት የሚባሉት ክብ የብረት ማያያዣዎች ራሶች ከተደረደሩበት ብዙውን ጊዜ የሩሲያ ነው፤ የሰፈራችን ግንበኞች ሲሚንቶ የሚቀዱበት እሱን ነው። የጣሊያኑ ደግሞ ሦስት የአየር ቀዳዳዎች አሉት፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ አንዷ ከኋላ። ይህን ያህል ካወቅህ መንገድ ላይ ስትሄድ ዓይንህ አያርፍም። የሰው አበባ መትከያ፣ የሰው ውሻ ምግብ መብያ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ከሰል ማንደጃ እያየህ አንገትህን ታጣምማለህ።

መለየቱ ደስታ ነው፤ መንከባከቡ ላይ ግን ቁጡ ነኝ። የድሮ ቆብ አይፈገፈግም፣ አይቀባም። የራሱ ያልሆነውን ጭቃና ልቅ ዝገት ብቻ ነው የምታነሳለት፤ ለዚህም ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና የእንጨት ስንጥር ይበቃል። ከዚያ ዘይት በነካ ጨርቅ ታሻሸዋለህ፣ በቃ። የደበዘዘ ቀለምም ቢሆን ቀለሙ ነው የሚናገርለት። የእድራችን ሊቀመንበር አንድ ጊዜ «ግሩም ቆብ አገኘሁልህ» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ስገልጠው የግቢ በር በሚቀባበት ብርማ ቀለም አንቆጥቁጦታል። «እንዳታፍርበት ብዬ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን በእድር ሊቀመንበር ላይ አይጮህም፤ ነገ የሚቀብረኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። እማማ ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ፣ ብቻቸውን፣ ከዶሮዎቻቸው ጋር የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው በየክፍለ ሀገሩ ተበትነው በስልክ ነው የሚጠይቋቸው። የታችኛውን ጥርሳቸውን የሠራሁላቸው እኔ ስለሆንኩ «ሐኪሜ» ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም ብዬ ባስረዳቸው ባስረዳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

አንድ ክረምት ጣራችን አፈሰሰና ወጥቼ ሚስማር ስመታ አሻግሬ ግቢያቸውን አየሁ። ዶሮዎቹ ከበው ውሃ ይጠጣሉ። የሚጠጡበት ዕቃ ተንጋሎ በሦስት ድንጋዮች መሀል ተደላድሏል። ጎንና ጎኑ ላይ ሬንጅ የተደፈነባቸው ክብ ቀዳዳዎች አሉ። አንዷ ዶሮ ዞር ስትልልኝ ሦስተኛዋ፣ ከኋላ ያለችው ቀዳዳም ታየችኝ። መዶሻው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጣራውን እያፈሰሰ ትቼ ወረድኩና የእማማን በር አንኳኳሁ።

«እማማ፣ ይቺን ዕቃ ከየት አገኟት?»

«የቷን?»

«ዶሮዎቹ የሚጠጡባትን።»

«እሷንማ የልጆቼ አባት ነው ያመጣት። እንጦጦ የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲነቅል ከሥሩ ወጣች። መጀመሪያ አበባ ተከልኩባት፣ አልይዝ አለኝ። ከዚያ ቀዳዳዋን በሬንጅ ደፈነልኝና ለዶሮ አደረግናት።»

«ይሽጡልኝ።»

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ለዶሮ ማጠጫ ከጎረቤት ዋጋ ልቀበል?»

«እንግዲያው ይስጡኝ።»

«ዶሮዎቼስ በምን ሊጠጡ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። በማግስቱ ከሱቅ አረንጓዴ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ገዝቼ ወሰድኩላቸው። መርቀው ተቀበሉኝ። ማታ ስመለስ ግን ዶሮዎቹ በብረት ቆቧ ዙሪያ እንደተሰበሰቡ ናቸው። «አልነኳትም» አሉኝ እማማ፤ «አረንጓዴ ፈርተው ነው መሰለኝ።» የሸክላም አመጣሁ፤ የሸክላውን ገፍተው ሰበሩት ተባልኩ። ቆርቆሮም አመጣሁ፤ በቆርቆሮ ውሃው ይሞቃል ተባልኩ። ዶሮ እንደዚህ ዓይነት ምርጫ እንዳለው በዚያ ዕድሜዬ ነው የተማርኩት። በየጊዜው በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ምራቄን ከመዋጥ በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

ይባስ ብሎ አንድ ጠዋት እማማ ውሃ ለመቀየር ሲገለብጧት ግንባሯ ላይ፣ ከጭቃውና ውሃው ከተወው ነጭ ቅርፊት ሥር፣ ጥቁር የቀለም ጫፍ አየሁ። የጣሊያን ወታደሮች ቆባቸው ግንባር ላይ የየክፍላቸውን ምልክት በጥቁር ቀለም ያሳርፉ ነበር። ምልክቱን ያየ ሰው ለባሹ መድፈኛ ይሁን፣ መሐንዲስ ይሁን፣ እግረኛ ይሁን ይለያል። እኔ ካሉኝ ቆቦች አንዱ እንኳ ምልክቱ የለውም፤ ሁሉም ታጥበው፣ ተፈግፍገው፣ ተቀብተው ነው እጄ የገቡት። ይቺ ግን ጭቃዋ ሸፍኖ ጠብቆላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው ቆቧን ብቻ ሳይሆን ያንን ምልክት ማወቅ ሆነ። እያንዳንዱ የዶሮ ምንቃርና እያንዳንዱ ባልዲ ውሃ ትንሽ ትንሽ እየሸረፈ እንደሚወስድብኝ እየታሰበኝ እበሳጫለሁ።

መላውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። «ለምን አትዋሳትም? ወንፊት እንዋሳቸው የለም እንዴ?» አለችኝ። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት እንዳላሰብኩት አፌን በእጄ ያዝኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ተዋስኩ። እማማ ምንም አላመነቱም። ውሃውን ደፍተው፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው፣ ከዶሮ ቤት ትኩስ እንቁላሎች ውስጧ አስቀምጠው ሰጡኝ። «ባዶ ዕቃ ከቤቴ አላወጣም። አንተም ባዶዋን እንዳትመልስልኝ» አሉ። ሰፈራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ድስት የተዋሰ ሰው ቢያጣ ቢያጣ ሎሚ ጣል አድርጎ ነው የሚመልሰው። እሁድ ማታ በቆሎ ሞልቼ መለስኩ።

እንዲህ እያልን በየሳምንቱ መዋስና መመለስ ጀመርን። ቅዳሜ ማታ ሳሎኑን ጋዜጣ አንጥፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከጥርስ ላይ የተጋገረ ድንጋይ እንደሚነሳው በእንጨት ስንጥር ቅርፊቱን ቅንጣት በቅንጣት አነሳለሁ። ቸኩለህ ከጫንከው ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥራዬ ከጥፍር አይበልጥም፤ እሁድ ደግሞ ወደ ዶሮዎቹ ትመለሳለች። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ትመጣና ትከሻዬ ላይ ቆማ «እስካሁን የቱ ጋ ደረስክ?» ትለኛለች። እሷም ሳታውቀው ገብታበታለች።

በቆሎውን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደመለስኩ እማማ «እዚህ ቤት የሚበላው ዶሮ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብርቱካን፣ ስኳር፣ ባለቤቴ የጋገረችው ዳቦ ሆነ። እሳቸውም ከእንቁላሉ አልፈው ጎመን፣ ከዚያ ቆሎ እየሞሉ መስጠት ጀመሩ። ማን ለማን እንደሚያተርፍ አይታወቅም ነበር።

ከብዙ ቅዳሜዎች በኋላ አንድ የታጠፈ ጥቁር መስመር ወጣልኝ። ቀንድ ነው፤ የሚነፋ የአደን ቀንድ። በቀኝ በኩል ያለችው ቀዳዳ ዙሪያም አንድ ነገር ተሰክቶ የተወው ጭረት አለ። ቆባቸው ላይ በቀኝ በኩል የዱር አውራ ዶሮ ላባ የሚሰኩ የጣሊያን እግረኞች ነበሩ፤ ምልክታቸው ላይም ቀንድ አለ። ግን ቀንድ በሌሎች ክፍሎችም ምልክት ላይ ስላለ እርግጠኛ አያደርግም። ከቀንዱ ጋር ሌላ ምን እንዳለ ማየት ነበረብኝ። ግማሹን አውጥቻለሁ፤ ግማሹ ቀርቷል፤ ቅዳሜ እስኪደርስ እቁነጠነጣለሁ።

በዚህ መሀል ሰፈራችን ለልማት ተፈለገ። አዲሱ መንገድ የእማማን ግቢ ጨርሶ ወስዶ የእኛን አጥር ነካ አድርጎ አለፈ። እማማ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዶሮዎቹን እንጦጦ ዳገት ላይ ያለች ዘመዳቸው ወሰደቻቸው። ከአጥር ወዲያ የዶሮ ድምፅ ሲጠፋ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ወጥታ ምን ጠፋ ብላ አየች። ግን ለራሴም ለባለቤቴም በግልጽ ያልኩት ሌላ ነገርም ነበር፤ ዶሮ ከሌለ የዶሮ ማጠጫ አያስፈልግም። እንዲያውም ልብ ገዝቼ አልጠየቅኳቸውም። ራሳቸው ይሰጡኛል ብዬ ተማምኜ ዝም አልኩ።

የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ዕቃ ሲጫን እማማ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። «ሐኪሜ፣ እንካ» አሉኝ። በደስታ እየተጣደፍኩ ነጠላውን ገለጥኩት።

ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ቆቧ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣች ድስት መስላለች። ጭቃ የለ፣ ቅርፊት የለ፣ ዝገት የለ። ግንባሯን ዞር አድርጌ አየሁ። እንኳን ምልክቱ፣ ቀለም የሚባል ነገር አልቀረባትም። ቆሎ ተሞልታለች።

«በምን አጠቧት እማማ?» አልኩ።

«በአመድ ብል እምቢ አለች። በአሸዋ ሞከርኩ። መጨረሻ ላይ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ስፈገፍጋት ሰነበትኩ፤ ክንዴ እስኪዝል። ቆሻሻ ዕቃ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፤ የመጨረሻው ቀን ላይ ልዋረድ?»

ቅስሜ ስብር አለ። እንባዬ መጣ፤ ልመልሰው ብል አልተመለሰልኝም። እማማ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «አይዞህ፣ ኮንዶሚኒየም ገባሁ እንጂ አልሞትኩም» አሉኝ። ያለቀስኩት ለቆቧ ይሁን ለእሳቸው ያን ሰዓት ለይቼ መናገር አልችልም ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ቆቧን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኩ እንደምንም፤ «ትልቅ ስጦታ ነው።»

«ምን ስጦታ? አዋስኩህ እንጂ» አሉ የመኪናው ጋቢና ላይ እየወጡ። «መልሰህ ታመጣልኛለህ። ባዶዋን እንዳይሆን።»

መኪናው ሄደ። እኔ ጨርሳ የተበላሸች፣ ያውም የእኔ ያልሆነች ቆብ ታቅፌ ቀረሁ። ቆሎው ግን ጥሩ ነበር።

ለተወሰነ ጊዜ ዓይኔ እንዳያያት ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሊቀመንበሩ ብርማ ቆብ ጎን አስቀመጥኳት። ሁለቱ አብረው ሲያብረቀርቁ ያናድዱኝ ነበር። ባለቤቴ ግን አልለቀቀችኝም። «የሰው ዕቃ ይዘህ የምትቆየው እስከ መቼ ነው?» ትለኛለች በየቀኑ። አንድ እሁድ ቆቧን ብርቱካን ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና በሩን ከፈተችልኝ።

ሦስት ታክሲ ነው የያዝኩት። የመጨረሻው ላይ ረዳቱ ቆቧን ከነብርቱካኑ አይቶ «ፋዘር፣ ሞተሯን የት አቆሟት?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ሕንፃው ውስጥ ደረጃውን ስወጣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ጉለሌ ቢሆን አንድ ዳገት እስክወጣ ስንት ሰው ሰላም ባልኩ ነበር። አራተኛ ፎቅ አንኳኳሁ። «ማነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እማማ ከፈቱልኝ። ከስተዋል። ነጠላቸውን እንኳ ቤት ውስጥ ተከናንበውታል፤ ለመሄድ የተነሱ እንግዳ እንጂ የቤቱ ባለቤት አይመስሉም። ሰገነቷ ላይ ግን አንድ የማውቀው ነገር አየሁ። ያቺ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህኔ ጤና አዳም ተተክሎባት በፀሐይ ተቀምጣለች።

ብርቱካን ልጠን እየበላን የውስጤን ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ሲፈገፍጓት ግንባሯ ላይ ምልክት ነገር አላዩም?»

«አይቻለሁ እንጂ።»

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ። ያንን ምልክት ሙሉውን ያየ ሰው በሕይወት ካለ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ምን ይመስል ነበር?»

«ቀንድ አለው።»

«ቀንዱን አውቀዋለሁ። ሌላስ?»

እማማ ጣራ ጣራውን አዩ። «ሌላውን አሁን አልመጣልኝ አለ። ሳስታውስ እነግርሃለሁ። መቼ ትመጣለህ?»

ስነሳ ቆቧን በሽንኩርት ሞልተው መልሰው አስታቀፉኝ። «ውሰዳት፣ የምታጠናው ካለ አጥና። ግን መልሳት» አሉኝ። የሚጠና ነገር አልቀረባትም፤ ወሰድኳት።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ። አንድ ጊዜ «እሳት ነገር ነበረበት» አሉኝ። ላባ የሚሰኩት እግረኞች ምልክት ላይ ነበልባል አለ፤ እንግዲያው ግምቴ ትክክል ነው ብዬ እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ። በሚቀጥለው ስሄድ «እሳት ነው ወፍ?» ብለው እሳቸው እኔን ጠየቁኝ። ሌላ ጊዜ «መስቀል ነገር ነው»፤ ሌላ ጊዜ «የለም፣ መቀስ ነው።» ልቤ ውልቅ ይላል። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሄድኩ፤ ወረቀት ላይ መሣል አልችልም አሉ። በስልኬ የምልክት ሥዕሎች አሳየኋቸው፤ መነጽሬ ጠፍቷል አሉ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።

ባለቤቴም አብራኝ መምጣት ጀመረች። ደረጃው ላይ ያሉት ሰዎችም ፍራፍሬ የተሞላ የጦር ቆብ ታቅፎ በየሳምንቱ የሚወጣ ሰው ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ በሮቹ አንድ ሁለት እያሉ መከፈት ጀመሩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ነርስ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አስረዳኋት፤ ሙዝ ወሰደች። ከፊት ለፊት የሚኖሩት ባልና ሚስት ራሳቸው ገብተው ሊያዩ መጡ። አንድ ቀን ስደርስ እማማ ቤት ውስጥ የማላውቃቸው ሴቶች ተቀምጠው፣ የታክሲውን ቀልድ ከእማማ ሰምተው ኖሮ «ባለሞተሩ መጣ» ብለው ተቀበሉኝ። እማማ ነጠላቸውን ወንበር ላይ ጥለዋል።

ያ እሁድ የመጣው እንዲህ በለመድነው መሀል ነው። እማማ ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው ሽሮ እየነፉ፣ ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ እኔ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር እያማረርኩ ነበር። ስለ ምልክቱ ያን ቀን አልጠየቅኩም፤ እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነበር። እማማ ወንፊቱን አስቀመጡ። ትሪው ላይ የተነፋውን ሽሮ በመዳፋቸው አስተካከሉና በጠቋሚ ጣታቸው መሣል ጀመሩ።

መጀመሪያ ሁለት ጠመንጃ አጣመሩ። በላያቸው ቀንዱን አሳረፉ፣ ከነማሰሪያ ገመዱ። መሀሉ ላይ ክብ አደረጉ፤ ክቡ ውስጥ ቁጥር ጻፉ። ከክቡ በላይ ነበልባል ሠሩ፤ ነበልባሉ ነፋስ እንደመታው ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። እጃቸው አንዴም አላመነታም። ቁጭ ብዬ የነበርኩት ሰው ተንበርክኬ ነበር። እሱ ነው። አንዲት መስመር ሳትቀር እሱ ነው፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ ቁጥሩ ሳይቀር ተቀምጧል።

«ባለ ላባዎቹ ናቸው» አልኩ። «እማማ፣ እነዚህ ሰዎች ቆባቸው ላይ የአውራ ዶሮ ላባ ነበር የሚሰኩት።»

እማማ እኔ የሠራሁት ጥርስ ሊወልቅ እስኪደርስ ሳቁ። «ዶሮዎቼ አውቀውት ኖሯል» አሉ፤ «ለካ በከንቱ አይደለም ያንተን ሳህን እምቢ ያሉት።»

ሳቁ ሲበርድልን ጠየቅኳቸው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቁት ነበር?»

«ስፈገፍጋት መጨረሻ ያስቀረሁት እሱን ነው። ደስ ይላል። ማጥፋቱ ቅር ብሎኝ ደጋግሜ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አጠፉት?»

«አቆሽሼ ልስጥህ?»

«እሺ፣ ከዚያስ ለምን አልነገሩኝም? ስንት ጊዜ ጠየቅኩዎ።»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

እመጣ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ሽንኩርቷን ትታ ታየኛለች። አፌን ዘጋሁ። ያ ዝግ ደረጃ፣ ያቺ ቤት ውስጥ ተከናንበው የተቀመጡ ሴትዮ ፊቴ ላይ መጡ።

«ዛሬስ ለምን ነገሩኝ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

እማማ ወንፊቱን አነሱ። «ዛሬማ ብነግርህም ትመጣለህ።»

ይህን ብለው ትሪውን አዘንብለው ሽሮውን ከነሥዕሉ ፌስታል ውስጥ አንቆረቆሩት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፎቶ ላንሳው ብዬ አላሰብኩም። ፌስታሉን ቋጥረው ቆቧ ውስጥ አስቀመጡና አስታቀፉኝ። በሳምንቱ መሀል ባለቤቴ ያንን ሽሮ ሠራችልን፤ ምልክቱን በልተን ጨረስነው ብዬ ስስቅ ዋልኩ።

መደርደሪያዬ ላይ በየቆቡ ሥር ምንነቱንና የተገኘበትን ቦታ የጻፍኩበት ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ቆቧን ከታች አንስቼ መሀል ቦታ ሰጥቻታለሁ፤ ከሥሯ ያለው ወረቀት ላይ የጻፍኩት «የእማማ ናት» ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ቦታዋ ባዶ ስለሆነ እንግዶች ይቺኛዋ የታለች ብለው ይጠይቁኛል። ዛሬም የለችም፣ እማማ ጋ ናት። ቅዳሜ ሄጄ እዋሳታለሁ።